ግፊት የሌለበትም ይደማል፦ ስለ ጭንቅላት ደም መፍሰስ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ በየሰው ስልክ ሲዞር ከርሟል። እኔም ጋ ደረሰ። የላኩልኝ ሰዎች ሁሉ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ይላሉ። ለያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጭንቅላት ውስጥ ደም የሚፈሰው ደም ግፊትና ንዴት ሲገጣጠሙ ነው፤ ግፊት የሌለበት ሰው አይስጋ ይላል። የሽማግሌ ወንዶች በሽታ ነው ይላል። የደጋ ሰው ደሙ ስለሚወፍር የበለጠ ይጠቃል ይላል። ደም ከመፍሰሱ በፊት ነስር ያስጠነቅቃል፣ እጅና እግር እስካልሰነፈ ድረስ ደግሞ የፈሰሰ ነገር የለም ይላል። በማስታገሻ የለቀቀ ራስ ምታት አያሳስብም፤ ሲቲ ስካን (የራስ ቅል ውስጡን በጨረር የሚያሳየው ምርመራ) ንጹህ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ፤ «ከወገብ ውሃ ልቅዳ» የሚል ሐኪም ከገጠማችሁ እምቢ በሉ፣ ሽባ ያደርጋል ይላል። መዝጊያው ላይ «አንዴ ከፈሰሰ አዲስ አበባ መመላለስ ገንዘብ መጨረስ ነው» ብሎ ያርፋል።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስለኝም። ግፊታችሁን ተለኩ ማለቱ ትክክል ነው። ሲጋራ አቁሙ ማለቱም እንደዚያው። አጻጻፉም ጥርት ያለ ነው። የእኛ ሙያ ሰዎች እንዲህ ብንጽፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ መልስ ባላስፈለገ። ግን ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ሰው የሚገድል ምክር አለ።

«ግፊት የሌለበት አይስጋ»

መጀመሪያ ነገሩን እንለየው። ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሰሰ ሲባል አንድ በሽታ አይደለም። ደሙ ራሱ አንጎሉ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነቱን ነው፤ ዋናው ጥፋተኛ ለዓመታት ያልታከመ ደም ግፊት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደሙ ከአንጎሉ ውጭ፣ አንጎልን በሸፈኑት ስስ ሽፋኖች መካከል ሲፈስ ነው። ሐኪሞች ሳባራክኖይድ ይሉታል። ሦስተኛው ከውጨኛው ወፍራም ሽፋን ስር የሚጠራቀመው ሰብዱራል ነው። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ጠባይ ይዞ ለሦስቱም አደላቸው። አብዛኛው ስህተት የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ይበልጥ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው። የሚያመልጠን እሱ ነውና።

ሳባራክኖይድ ደም መፍሰስ በጠቅላላው ሲታይ ቀዳሚ ምክንያቱ አደጋ ነው፤ መኪና፣ ባጃጅ፣ መውደቅ፣ ዱላ። ያለ ምንም ምት በራሱ ጊዜ ከመጣው ውስጥ ግን 85 በመቶ ያህሉ የሚፈሰው አኑሪዝም ከሚባል እብጠት ነው። አንጎል ስር ደም ቅዳዎች ተገናኝተው ቀለበት ይሠራሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 አብራርቶ ስለጻፈው እስካሁን በስሙ ይጠራል። እዚያ ቀለበት ላይ፣ ቅርንጫፍ በሚወጣበት ቦታ፣ የደም ቅዳው ግድግዳ ሊሳሳ ይችላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይነፋል። ጎሚስታ ቤት ቆማችሁ ካያችሁ፣ ያረጀ ከመነዳሪ አየር ሲሞላ በሳሳበት በኩል ጉብ ይላል። እንደዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ መጠኑ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ ይሄን ተሸክመው ይኖራሉ። አብዛኞቹ ሳይፈነዳባቸው፣ መኖሩንም ሳያውቁ በሌላ ምክንያት ይሞታሉ።

ግፊት ይሄን እብጠት ያባብሰዋል። ሲጋራም፣ ብዙ መጠጥም ያባብሱታል። ግን ግፊቷ 110 በ70 የሆነች ሴት አኑሪዝም ሊኖራት ይችላል። በዘር የሚመጣ ዝንባሌም አለ። ኩላሊት ላይ ብዙ የውሃ ከረጢት የሚያበቅለው የዘር በሽታ ያለበት ሰውም ከሌላው የበለጠ ተጋላጭ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ግፊት የለህም፣ አብሽር» ማለት ሐሰተኛ ማጽናኛ ነው።

ደግሞ የተገላቢጦሹ ወጥመድ አለ። ታካሚዋ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ ግፊቷ ሲለካ 180 ይሆናል። «አሃ፣ ግፊቷ ነው ራሷን ያመማት» ተብሎ የግፊት ክኒን ተሰጥቷት ትሸኛለች። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ደም ስለፈሰሰና ሕመሙ ስለበረታ ነው ግፊቱ የወጣው። ከዚያች ደቂቃ በፊት ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ንዴቱስ? ጨርሶ ውሸት ነው አልልም። ድንገተኛ ቁጣ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ሽንት ቤት ማማጥ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ሁሉም ለአፍታ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ቀድሞ የሳሳ እብጠት ካለ እዚያች አፍታ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እነዚህ ግን ቀስቃሽ እንጂ መንስኤ አይደሉም። ደግሞ ስንቱ ሰው በተቀመጠበት፣ ስንቱ በተኛበት ይፈስበታል። ንዴት ነው ብሎ መደምደም ሌላም ጣጣ አለው። ቤተሰቡ «ማን አናደደው?» ወደሚል ምርመራ ይገባል። ባል ሚስትን፣ ወንድም ወንድምን ሲከስ አይቻለሁ።

ከቀረው 15 በመቶ ውስጥ አብዛኛው አንጎል ግንድ ፊት ለፊት የሚፈስ፣ አኑሪዝም የማይገኝበት ዓይነት ነው። ይሄኛው ለዘብ ይላል፣ ሰውየውም በአብዛኛው ይድናል። የተረፈው የተዘበራረቀ ነው፤ ከተወለዱ ጀምሮ የተጠላለፉ ደም ስሮች፣ የደም ቅዳ ግድግዳ መሰንጠቅ፣ የደም አለመርጋት ችግር፣ ኮኬይንና አምፌታሚን የሚባሉ አነቃቂ ዕፆች።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው የልብ ነገር ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በርን የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣት ይዟል። የተበላሸው የልብ በር ኢንፌክሽን ሲይዘው ከዚያ የተነሳ ቁራጭ አንጎል ደም ቅዳ ላይ ያርፍና ግድግዳውን አበስብሶ ይነፋዋል። ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመላቸው ደግሞ ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አዲስ ራስ ምታት ካመመው ጸሐፊው እንዳለው ግፊቱን ለክቶ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። ሁለተኛው ጫት ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል። ጫት አኑሪዝም ይፈጥራል አልልም። ግፊት ያለበት ሰው ክኒኑን ትቶ በርጫ ላይ ሲውል ግን ጸሐፊው ዝም ማለቱ ገርሞኛል። ወሎ ላይ እየተጻፈ!

«የሽማግሌ ወንዶች ነው»

አይደለም። ሳባራክኖይድ በብዛት የሚታየው 50 ዓመት አካባቢ ነው፤ ገና ልጅ እያሳደጉ፣ ገና እየሠሩ ባሉ ሰዎች ላይ። ከወንድ ይልቅም በሴት ይበዛል።

ሽማግሌዎች የሚታወቁበት ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ሰብዱራል። አንጎል በዕድሜ ሲያንስ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ስስ ደም መልሶች ይወጠራሉ። ትንሽ ነገር ይበጥሳቸዋል። አባባ ሌሊት ሲነሱ ግንባራቸውን በር መታቸው፤ ማንም ነገሬ አላለውም። ሦስት ሳምንት፣ አንድ ወር ያልፋል። ከዚያ እርምጃቸው ይዘበራረቃል፣ ነገር ይረሳሉ፣ ቀን ቀን ይተኛሉ። «ጃጁ» ይባላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጋጨቱም ላያስፈልግ ይችላል። ይሄ ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ነው። ራስ ቅላቸው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ደሙ ሲወጣ ብዙዎቹ ቁጭ ብለው የልጅ ልጆቻቸውን በስም ይጠራሉ። በአንድ ወር ውስጥ የጃጀ ሰው በእርጅና አይደለም የጃጀው። እርጅና እንዲህ አይቸኩልም።

የደጋው ነገር አያቆየንም። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ተወልዶ ባደገበት ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው በዚያ ምክንያት ደም ስሩ አይፈነዳም። «ደማቸው ይወፍራል» የሚለውም ለእኛ ሰው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በአማራ ክልል 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለክቶ ሄሞግሎቢናቸው (ደምን ቀይ የሚያደርገው፣ ሲበዛ ደም የሚወፍርበት ነገር) በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ያን ያህል እንደማይለይ አግኝቷል። የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሰዎች ላይ ነው የሚወፍረው። ጸሐፊው ከዚያ የተጻፈ አንብቦ ሊሆን ይችላል።

«ነስር ያስጠነቅቃል፣ እጅና እግር ካልሰነፈ ደም የለም»

ነስር የሚመጣው ከአፍንጫ ደም ስር ነው። ያ ደም ስር ከራስ ቅል ውጭ ነው፤ ከአንጎል አኑሪዝም ጋር አይገናኝም። ልዩነቱ አደጋ ላይ ነው። ጭንቅላቱን ተመቶ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ውሃ የሚፈሰው ሰው የራስ ቅሉ ስር ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና ይፍጠን። እንዲሁ በሰላም ቀን የነሰረው ልጅ ግን አፍንጫውን ጨብጦ ጎንበስ ይበል፣ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ግማሽ ነው አደገኛው። እጅና እግር የሚሰንፈው አንጎሉ ራሱ ሲጎዳ ነው። ሳባራክኖይድ ውጭ ስለሆነ ሰውየው እየተራመደ ሊመጣ ይችላል። ይናገራል። ስሙን ያውቃል። እጁን ጨብጥ ስትለው ይጨብጣል።

ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ አንዲት ሴት ላንሳ። ከሐይቅ አካባቢ መጣች፤ በእግሯ። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታዋለች፤ ብርሃኑ አስጠልቷት። ወንድሟ ቀደመና «ራስ ምታት ነው ዶክተር። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሸተትናት፣ ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር» አለኝ።

«እርስዎ ይንገሩኝ። ሲጀምርዎ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳት።

«እንጀራ ላወጣ። ምጣዱን አሰስኩ። ሊጡን አዙሬ ሳልጨርስ ማጅራቴ ላይ አንድ ነገር ቋ አደረገኝ። ወላሂ ሰው የመታኝ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።»

ሊጡን አዙራ ሳትጨርስ! አንድ እንጀራ ለማዞር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የሚፈለገው ማስረጃ እዚያ አረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ሳይ የቀኝ ዓይኗ ቆብ ወርዷል። ቤተሰቡ እንቅልፍ ስላጣች መስሎት ነበር። ብሌኑ ከግራው ሰፍቷል። ከዓይን ነርቭ አጠገብ የሚያብጥ አኑሪዝም ነርቩን ሲጫነው የሚመጣ ምልክት ነው። እጆቿና እግሮቿ አንዳቸውም አልሰነፉም።

እንግዲህ የዚህ ራስ ምታት መለያው አጀማመሩ ነው። ከምንም ተነስቶ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። ሐኪሞች የመብረቅ ራስ ምታት ይሉታል። ማይግሬን ሊበረታ ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየጨመረ ነው የሚመጣው። ከዚህ ጋር ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት፣ ለአፍታ ራስን መሳት፣ መንዘፍዘፍ ሊኖር ይችላል። ማጅራት መገተሩ ግን ሰዓታት ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ አንገቷ ታጠፈ ማለት ነጻ ናት ማለት አይደለም። እንዲህ ከሚጀምር ራስ ምታት ሁሉ ደም አይገኝም። ከአራቱ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው ደም የሚገኝበት። ያም ቢሆን መመርመር ያለባቸው አራቱም ናቸው።

ካናዳ ውስጥ የተሠራ የኦታዋ መመዘኛ የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። መሣሪያ አይፈልግም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጫፍ የደረሰ አዲስ ከባድ ራስ ምታት ይዞ ለመጣ፣ ላልተመታ፣ ንቃቱ ሙሉ ለሆነ ሰው ነው። ዕድሜው 40 ወይም በላይ ነው? አንገቱን ያመዋል ወይ ይገትረዋል? ሰው እያየው ራሱን ስቷል? ጉልበት ሲያወጣ ነው የጀመረው? በቅጽበት ጫፍ የደረሰ ነው? ሲመረመር አንገቱ አልታጠፍ ይላል? ሁሉም «የለም» ከሆነ ሳባራክኖይድ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። አንዱ እንኳን «አዎ» ከሆነ ሪፈር ይጻፍለት። ይሄን ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ጽሑፉ ያልነካውን አንድ ነገር እኔ ልንካ። ማጅራት የገተረው ሁሉ ደም አይደለም። እኛ ያለነው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነው። ትኩሳትና የገተረ ማጅራት አብረው ካሉ ማጅራት ገትር ነው ብሎ መነሳት፣ ፀረ ባክቴሪያውንም ሪፈር እስኪደርስ አለማቆየት ያስፈልጋል። ከከሚሴና ከጨፋ ቆላ የመጣ ከሆነ ወባውም ይታይ።

«በማስታገሻ ከለቀቀ አያሳስብም»

ይሄኛው ተረት በእኛው ሙያ ውስጥም አለ፤ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አልችልም። ዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል፣ ሰውየው ቀለለኝ ይላል፣ ካርዱ ላይ «ማይግሬን» ተጽፎ ይሄዳል። ማስታገሻ ሕመም ያስታግሳል፣ ስሙም ሥራውም እሱ ነው። ሕመሙ ከየት እንደመጣ አይነግርም። በዚያ ላይ ዲክሎፌናክና አስፕሪን የደምን መርጋት ያዳክማሉ። እየደማ ሊሆን ለሚችል ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 482 የሳባራክኖይድ ታካሚዎችን ሲያይ 56ቱ መጀመሪያ የሄዱበት ሐኪም ስቷቸዋል። በብዛት የተሰጣቸው ስም ማይግሬን ወይም የውጥረት ራስ ምታት ነበር። ከሳቷቸው ሐኪሞች አብዛኞቹ የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሲቲ ስካን አላዘዙም። መሣሪያው ባለበት አገር ይሄ ከሆነ የእኛን ማሰብ ነው። ደግሞ አኑሪዝም ዋናው ፍንዳታ ሳይመጣ ትንሽ ሊያፈስ ይችላል። ያች የመጀመሪያዋ ራስ ምታት ትለቃለች። ሰውየው «ዳንኩ» ይላል። ሁለተኛዋ አትለቅም።

ዳማከሴውን አልነቅፍም። ማሽተቱ ማንንም አልጎዳም። ማጅራት ላይ ዋግምት መትከሉ ግን ይቅር፤ ከራስ ቅል ውስጥ ያለ ደም በቆዳ አይወጣም። ሁሉንም አድርገው ሲያበቁ ሁለተኛ ቀን ላይ መምጣቱ ነው የሚጎዳው። ለምን እንደሚጎዳ ቀጥሎ ነው።

«ሲቲ ንጹህ ካለ አለቀ»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዟል፤ ግማሹን ደግሞ ጥሏል።

ትኩስ ደም ሲቲ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰዓቱ ሲሄድ ደሙ በአንጎል ውሃ ይታጠባል፣ ይቀጥናል፣ ይደበዝዛል። ካናዳ ውስጥ 3,132 ሰዎች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይሄን በቁጥር አሳይቷል። ራስ ምታቱ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ ሲቲ የተነሱት ላይ ደም ከነበረባቸው አንድም አላመለጠም። ከ6 ሰዓት በኋላ በተነሱት ላይ ግን 86 በመቶ ያህሉ ብቻ ተያዙ። ሳምንት ሲሞላው ሲቲ የሚይዘው ከሁለት አንዱን ያህል ነው። ያ የ6 ሰዓት ውጤትም ቅድመ ሁኔታ አለው። ማሽኑ ዘመናዊ፣ ፊልሙን ያነበበው ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት መሆን አለበት። ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው ደም ደግሞ ሲቲ ላይ ያን ያህል አይነጣም። ከወሊድ በኋላ ደሟ ያነሰ እናት ላይ ይሄን ማስታወስ ነው።

አሁን ይሄን ወደ ወሎ አምጡት። ከደላንታ ወይም ከመቅደላ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከዚያ ሪፈር። ከዚያ መኪና ይፈለጋል። ሲቲ ያለበት ሲደርስ 6 ሰዓቱ ድሮ አልፏል። ስለዚህ «ንጹህ ነው» የሚለው ወረቀት ለኦታዋ ነዋሪ የሚሰጠውን ዋስትና ለእሱ አይሰጠውም።

ሰዓቱንም ብትጠይቁ ሌላ ጣጣ አለ። ሪፈር ወረቀት ላይ «2 ሰዓት ላይ ጀመራት» ተብሎ ይጻፋል። በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የጻፈው ባለሙያ እንደ ሆስፒታል ልማድ በፈረንጅ ሰዓት ጽፎት ከሆነ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ነው። ሲቲውን የምናምንበትና የማናምንበት ድንበር ማለት ነው፤ በአንዲት ቁጥር አጻጻፍ ይዘላል። የጤና ጣቢያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ሌሊት» የሚል ቃል ጨምሩበት። አስታማሚዎችም «ትናንት ነው» አትበሉ። ምን ሲሠራ ነበር፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ አዛን ብሎ ነበር ወይ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ነበር፤ እንዲህ ከተባልን ሰዓቱን እኛ እናገኘዋለን።

እንግዲህ 6 ሰዓት ካለፈና ሲቲ ምንም ካላሳየ የሚቀጥለው ከወገብ ውሃ መቅዳት ነው፤ አንጎልን የሚያጥበው ውሃ እስከ ወገብ ይወርዳልና። ጸሐፊው እምቢ በሉ ያለውን ማለት ነው።

ሽባ አያደርግም። ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከወገብ በላይ፣ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። እዚያ ያሉት ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ነርቮች ናቸው፤ ከመርፌው ገለል ይላሉ። በኋላ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚሻል ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ይሄን አልደብቅም፤ ያሠቃያል፣ ያልፋል። ደም አቅጣኝ የሚወስድ ሰው ላይ፣ ወይም ሲቲው አንጎል ውስጥ ትልቅ እብጠት ካሳየ አይደረግም። ሐኪም ቀድሞ የሚያጣራው ለዚህ ነው። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ውሃ የሚቀዳው በጠና ለታመመ ሰው ነው። ከመካከላቸው የሚሞት አለ፣ የሚሰንፍ አለ። ሰው የሚያስታውሰው መርፌውን ነው።

ምን እንደሚፈለግም ልንገራችሁ። ጤነኛ ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ደም ፈስሶ ከሆነ ቀይ ሴሎቹ ይሰባበሩና ውሃው ወደ ቢጫ ይሄዳል። ይሄ ቢጫነት ጊዜ ይፈልጋል፤ 12 ሰዓት ገደማ ሲሞላ ነው በደንብ የሚታመነው፣ ከዚያ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሲቲ እየደከመ ሲሄድ የወገብ ውሃ እየበረታ ይመጣል። ዘግይቶ ለሚደርስ ለእኛ ሰው ይሄ ምርመራ ከፈረንጁ ይልቅ ይጠቅማል፣ ማጅራት ገትሩንም አብሮ ይለይልናል። መርፌው ራሱ ሲገባ ትንሽ ደም ስር ነክቶ ውሃውን ሊያቀላው ይችላል። ለዚያ ነው በተከታታይ ብልቃጦች የሚቀዳው። በመርፌው የመጣ ደም ከመጀመሪያው ብልቃጥ ወደ መጨረሻው እየጠራ ይሄዳል።

ደም መኖሩ ከታወቀ በኋላ «ከየት?» የሚለው ይቀራል። በደም ስር ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ እንደገና ይነሳል። እሱ ካልበቃ በብሽሽት ወይም በእጅ ደም ቅዳ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ የአንጎል ደም ስሮች ፎቶ ይነሳሉ። የአንጎል ደም ስሮችን በቀለም ፎቶ ማንሳት የጀመረው ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1927።

«አንዴ ከፈሰሰ ገንዘብ መጨረስ ነው»

ይሄን ሳነብ ተናድጃለሁ። ግፊቴን ለካሁት፣ ደህና ነው።

በሽታው ከባድ ነው። ከሦስት ሰዎች አንዱን ያህል ይገድላል፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚሞቱም አሉ። ግን በሕይወት የደረሰ ሰው ጉዳይ አላለቀም። የፈነዳው አኑሪዝም እንደገና ሊፈነዳ ይችላል፤ ዋናው አደጋ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ሕክምናው የሚሮጠው ለዚህ ነው። ግፊትን ልክ ማስያዝ፣ ሕመምን ማስታገስ፣ ከዚያ እብጠቱን መዝጋት። በቀዶ ሕክምና የእብጠቱ አንገት ላይ ቆንጣጭ ብረት ይደረግበታል፤ አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1937 የጀመረው ነው። ወይም በደም ቅዳ ውስጥ በተላከ ቱቦ ቀጭን የብረት ጥቅል ይሞላበታል። ኒሞዲፒን የሚባል ክኒን በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊግራም ለ21 ቀን ይሰጣል፤ ደም ቅዳዎች ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እየተኮማተሩ የሚያደርሱትን ጉዳት ይቀንሳል። አገር ውስጥ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሥልጠና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዛሬ ሐኪሞቹ የዚያን ጊዜውን ያህል ጥቂት አይደሉም።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ወጪውን አላቃልለውም፤ ከብት የሸጠ ቤተሰብ አውቃለሁ። ግን ምን እንዳለ ሳይታወቅ «አይሆንም» ተብሎ የተመለሰው ያ ለዘብ ያለው፣ አኑሪዝም የሌለበት ዓይነት ቢሆንስ? ወይም እንደ አባባ ሰብዱራል? ቤት ይዞ መመለስ ከተፈለገ እንኳን ከምርመራው በኋላ ይሁን።

ጽሑፉን ያነበቡ ደግሞ «እናቴ በዚህ ሞታለች፣ ሁላችንም ሲቲ እንነሳ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ተራ ሲቲ ያልፈነዳ አኑሪዝም ለመፈለግ አይሆንም፤ በቀለም የሚነሳው ወይም ኤምአርአይ ነው የሚያየው። እሱም ለሁሉም አይደለም። ከወላጅ፣ ከወንድምና እህት ወይም ከልጅ መካከል ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ይሄ ከደረሰበት፣ ወይም ያ የኩላሊት ከረጢት በሽታ በቤተሰቡ ካለ፣ ከነርቭ ሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግፊታችሁን ተለኩ፣ ሲጋራ ካጨሳችሁ አቁሙ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ተስማምተናል።